አዳኝ ነፍሳትን ለጓሮ አትክልት ማሠራት፦ የሚጠቅሙበትና የሚያስቸግሩበት

በአማርኛ «አዳኝ» ከማደንም ከማዳንም ይመጣል። ጎመን ላይ ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) የሚለቅሙት ነፍሳት ግን አዳኝነታቸው የአደን ብቻ ነው። የሚበሉት ርቧቸው ነው፤ ምግቡ ሲያልቅ ጥለው ይሄዳሉ፣ ጨርሶ ሲጠፋባቸው ደግሞ እርስ በርስ ይበላላሉ። ይህን ያላወቀ ሰው ወይ ከመጠን በላይ ይተማመንባቸዋል፣ ወይ «ምንም አልሠሩም» ብሎ በሦስተኛው ቀን መርጫውን ያነሳል።

እዚህ የተጻፈው አሠራር በደጋ ወይም በወይና ደጋ ላለ፣ ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር ገደማ ለሆነ፣ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ለያዘ ጓሮ ነው። ክሽክሽ የሚበረታው ዝናቡ አቁሞ መስኖ ሲጀመር ነው። በክረምት ከባዱ ዝናብ ራሱ እያጠበ ይጥለዋል። ስለዚህ ዝግጅቱን ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሩ።

ከሁሉ በፊት ሒሳቡ

ሴቷ ክሽክሽ ወንድ አያስፈልጋትም፤ እንቁላል ሳትጥል በቀጥታ ልጅ ትወልዳለች። የተወለደችውም አየሩ ሞቅ ካለ በ10 ቀን ገደማ ራሷ መውለድ ትጀምራለች። ክሽክሽ የምትበላው ነጠብጣብ ጥንዚዛ (ብዙ ሰው ሌዲበርድ ወይም ሌዲበግ የሚላት) ከእንቁላል ተነስታ ለአቅመ መውለድ ለመድረስ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጅባታል። ስለዚህ አዳኙ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። በመሐል ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ጓሮው የተሸነፈ ይመስላል። የእናንተ ሥራ ይህን ክፍተት ማሳጠርና በክፍተቱ ውስጥ ነገር አለማበላሸት ነው።

ክሽክሽን ጨርሶ ማጥፋት የሚፈልግ ሰው አዳኞችን ማቆየት አይችልም። ሁልጊዜ ጥቂት ክሽክሽ መታገስ ግድ ነው። እዚህ ላይ ካልተስማማችሁ የቀረው አሠራር አይጠቅማችሁም።

ደረጃ 1፦ ማን እንዳለ እወቁ

ለሁለት ሳምንት ምንም ሳትረጩ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ እዩ። ብርዱ ሳይለቅ ነፍሳቱ አይበሩም። የሚያስፈልገው ነጭ ሳህንና፣ ከተገኘ፣ አጉሊ መነጽር ነው። የጎመኑን ቅጠል ገልብጡ። ቃሪያውን ደግሞ በሳህኑ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አራግፉ፤ ከትልልቆቹ ይልቅ ሩዝ የሚያክሉት ይበልጥ ይጠቅማሉና የወደቀውን በደንብ ተመልከቱ።

የነጠብጣብ ጥንዚዛ እንቁላል ቢጫ ነው። ከቅጠሉ ሥር ከ10 እስከ 30 የሚሆኑ ተጠጋግተው በጫፋቸው ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ከዚያ የሚፈለፈለው እጭ እናቱን ምንም አይመስልም። ጥቁር ግራጫ ነው፣ ስድስት እግሮች አሉት፣ ጎንና ጀርባው ላይ ብርቱካንማ ነጥብ አለው፣ ወደ ኋላ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ሲሄድም ይፈጥናል። ብዙ ሰው «ትል ገባብኝ» ብሎ በጣቱ የሚጨፈልቀው እሱን ነው። ጓሮ ውስጥ ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ ይህ የከፋው ሳይሆን አይቀርም፣ ምክንያቱም አንድ እጭ እስኪያድግ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ክሽክሽ ይበላል።

ንብ ወይም ተርብ የምትመስል፣ አየር ላይ እንደተንጠለጠለች ቆማ የምትቀር ትንሽ ዝንብ አለች። ሁለት ክንፍ ብቻ ስላላት ንብ አይደለችም፤ አትናደፍም። እሷ የምትቀስመው አበባ ነው፣ ክሽክሽ የሚበላው ልጇ ነው። እጩ እግርና ዓይን የለውም፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው፣ ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። አንዱን አግኝታችሁ አምስት ደቂቃ ብትቆዩ ሥራውን ታያላችሁ፦ በቀጭኑ ጫፉ ወዲያና ወዲህ እየዳበሰ ይሄዳል፣ አንድ ክሽክሽ ሲነካ ይይዘዋል፣ ከቅጠሉ አንስቶ ወደ ላይ ይይዝና እግሩ እየተወራጨ ይመጠዋል፣ ቆዳውን ይጥልና ሌላ ይፈልጋል። ቅጠሉ ላይ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ጭረት ካያችሁ ኩሱ ነውና እሱ በአቅራቢያው አለ።

በአንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የፀጉር ክር ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ እንቁላል የሌስዊንግ ነው። እናቲቱ አረንጓዴ፣ ክንፏ እንደ መረብ የሆነ ስስ ነፍሳት ናት። እንቁላሉን በክር ማንጠልጠሏ ቀድሞ የተፈለፈለው ወንድሙን እንዳይበላው ይረዳል።

በጎመን ክሽክሽ መንጋ መሐል ያበጠ፣ ክብ የሆነ፣ ቀለሙ እንደ ደረቅ ወረቀት የሆነ የማይንቀሳቀስ ክሽክሽ ካለ፣ ውስጡ የጥገኛ ተርብ ልጅ ነው። ተርቧ ከክሽክሹ ብዙም አትበልጥም፤ ሰው አትነካም። ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ወጥታለች ማለት ነው። በሳይንሱ ቋንቋ ይህች ጥገኛ እንጂ አዳኝ አትባልም፣ ለጎመን ግን ከአዳኞቹ ብዙዎቹን ታስንቃለች። የጎመን ክሽክሽ ከተክሉ የሚወስደውን የሰናፍጭ ዓይነት ኬሚካል በሰውነቱ ያከማቻልና ለአንዳንድ የነጠብጣብ ጥንዚዛ ዝርያዎች መርዝ ይሆንባቸዋል። «ጥንዚዛ አለኝ፣ ክሽክሹ ግን አልቀነሰም» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ ነው። በጎመን ላይ ተስፋችሁን በተርቧና በዝንቧ እጭ ላይ ጣሉ።

መሬት ላይ ደግሞ ድንጋይ ስታነሱ የሚሮጠው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጥንዚዛ አለ። ሌሊት ወጥቶ ቆራጭ ትልንና የቀንድ አውጣ ልጆችን ይበላል። ሸረሪትን ሁሉም ያውቃል፤ ተዉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ነጠብጣብ ያለው ጥንዚዛ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ኤፒላክና የሚባለው የቅርብ ዘመዷ ቅጠል በሊ ነው፤ ከነዚህ አንዱ ገብስና ጤፍ ያጠቃል፣ ሌላው ዱባና ዘመዶቹን። መለያው ቀላል ነው። አዳኟ ጀርባዋ እንደተወለወለ ያበራል። ኤፒላክና በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነ ስለሆነ ደብዛዛ ነው፣ ነጥቦቹም ብዙ ናቸው፣ እጩ በሰውነቱ ላይ ቅርንጫፍ ያለው እሾህ አለው፣ የበላው ቅጠልም እንደ ወንፊት ይሆናል። እሱን ልቀሙት።

ደረጃ 2፦ አበባ አቅርቡ

ዝንቧም ተርቧም ሌስዊንግም ካደጉ በኋላ የአበባ ወለላና ብናኝ ይፈልጋሉ። አፋቸው አጭር ስለሆነ ጥልቅ አበባ አይሆንላቸውም፤ ገላጣና ጥቃቅን አበባ ነው የሚመቻቸው። ለዚህ ደግሞ የኛ የቅመም መደብ ተስማሚ ነው፦ ድንብላል፣ እንስላል፣ ነጭ አዝሙድ። ጤና አዳምም ስታብብ ዝንብና ተርብ አይጠፋባትም። ጎመን ራሱ አበባ ሲያወጣ ጥሩ ነው። በመስከረም አዴይ አበባ ካለች አትንቀሏት።

በመደቦቹ ሁለት ጎን 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠርዝ ለድንብላል ልቀቁ። ዘሩ ሁለት ፍሬ የተጣበቀበት ስለሆነ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አሽታችሁ ክፈሉት። በ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ በመስመር ዝሩ። ከተዘራ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ያብባል፤ አበባው ግን ብዙ አይቆይም። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ዘርቶ መተው የማይበቃው፤ ጠርዙን ለሦስት ከፍላችሁ በየ3 ሳምንቱ አንዱን ዝሩ። ቅጠሉን ለወጥ ብላችሁ ሁሉን ከቆረጣችሁት አበባ አይኖርም። አንድ መስመር የእናንተ፣ አንዱ የነፍሳቱ ይሁን።

ደረጃ 3፦ ገብስ እንደ ስንቅ

ሥራው ቀላል ሆኖ ብዙ ጓሮ ውስጥ የሚቀረው ይህ ነው። የገብስ ክሽክሽ የሣር ወገን ተክሎችን ወዳድ ነው፤ ጎመንና ቃሪያ ላይ አይራባም። ስለዚህ ከጎመኑ ዳር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ገብስ ብትዘሩ፣ ጎመኑ ላይ ክሽክሽ ሳይመጣ በፊት ለአዳኞቹ ስንቅ ይሆናል። አንድ እፍኝ ዘር ይበቃል። ከጎመኑ ተከላ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀድማችሁ ዝሩ፤ ሲያረጅ ሌላ ተኩ። ጉዳቱም አለ፦ የገብስ ክሽክሽ የገብስ ቫይረስ ያዛምታል። ጎረቤታችሁ ገብስ ወይም ስንዴ ከዘራ ይህን ደረጃ ዝለሉት።

ደረጃ 4፦ ጉንዳኑን ከግንዱ አውርዱ

ክሽክሽ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ ጉንዳን ያን ፈሳሽ ፍለጋ ይወጣል፣ ክሽክሹንም ልክ እንደ ከብቱ ይጠብቀዋል። የጥንዚዛ እጭ ሲጠጋ ነክሶ ያባርረዋል። በቃሪያው ግንድ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ሰልፍ ካለ አዳኞቹ አይሠሩም።

የጉድጓዱን አፍ ፈልጉና ከተክሉ ሥር ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ የራቀ ከሆነ 2 ወይም 3 ሊትር የፈላ ውኃ አፍስሱበት። ቅርብ ከሆነ ውኃውን ተዉት፣ ሥሩን ይቀቅላል፤ አፈሩን በየሁለት ቀኑ በመኮትኮቻ መበጥበጥ ይሻላል። መሬት የነካ ቅጠል ካለ ቁረጡ፣ መሰላል ይሆናቸዋልና። ጉንዳንን ከጓሮው ሁሉ ለማጥፋት አትነሱ፤ ራሱም የትል እንቁላልና ምስጥ የሚበላ አዳኝ ነው። ከግንዱ ይውረድ እንጂ መሬት ላይ ይኑር።

በዚሁ ላይ ስለ አመድ። ጎመን ላይ አመድ መነስነስ የቆየ ልማድ ነው። ችግሩ አመዱም ሆነ የመንገድ አቧራው ጥቃቅኖቹን ተርቦችና እጮች እንዳይንቀሳቀሱ ማድረጉ ነው። አቧራ የበዛበት ተክል ላይ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ የሚበረታውም በከፊል ለዚህ ነው። አመድ ካስፈለገ ቅጠሉን ትታችሁ በግንዱ ዙሪያ መሬት ላይ ብቻ አድርጉ። አቧራ ያለበትን ቅጠል በሳምንት አንዴ በጠዋት በውኃ እጠቡ።

ደረጃ 5፦ መጠለያ

በመደቦቹ መሐል 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገለባ አንጥፉ፤ በየ3 ሜትሩ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሳንቃ አስቀምጡ። ለመሬት ጥንዚዛና ለሸረሪት ይበቃል። ክረምት ላይ ቀንድ አውጣም እዚያው ስለሚደበቅ፣ ሳንቃውን ጠዋት ጠዋት እየገለበጣችሁ ልቀሙ። ችግኝ ገና ከሆነ ገለባውን ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቁ።

ደረጃ 6፦ ከሌላ ቦታ ማምጣት

ጓሮው አዲስ ከሆነ፣ ክሽክሽ ከያዘው ባቄላ ወይም አጥር ዳር ካለ አረም ላይ አዳኞችን ማምጣት ይቻላል። ያደገችውን ጥንዚዛ አታምጡ፣ ትበራለች። እጩን ከነቅጠሉ ቁረጡ። ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት አድርጋችሁ ከነክሽክሹ ያዙ፤ ያለ ምግብና ያለ መደበቂያ ከተገናኙ ይበላላሉ። በዚያው ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ ክሽክሽ ባለበት ቅጠል ላይ አንድ አንድ አድርጋችሁ አኑሩ፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 5 ያህል ይበቃል። ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ በቅርብ መርዝ ተረጭቶ እንደሆነም ጠይቁ።

አሜሪካ ያላችሁ በአትክልት መደብር በከረጢት የሚሸጡ ጥንዚዛዎች ታገኛላችሁ። ብዙዎቹ በካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ በእንቅልፍ ላይ ሳሉ የተሰበሰቡ ናቸው፤ ሲለቀቁ አብዛኞቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ይበራሉ። ገንዘባችሁን ለሌስዊንግ እጭ ብታወጡት ይሻላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ለዚሁ ሥራ የገባው የእስያው ዝርያ ደግሞ የአገሬውን ጥንዚዛዎች የሚበላ፣ በመጸው በመንጋ ቤት የሚገባ፣ ሲነካ ቢጫ የሚሸት ፈሳሽ የሚያወጣ ሆኗል። የውጭ ዝርያ በራስ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት የማይገባው ለዚህ ነው። የአበባ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን ለመከላከል ከውጭ የሚያስመጡት አዳኝ (ስምንት እግር ስላለው ነፍሳት ሊባል አይችልም) ግሪንሃውስ ውስጥ በቁጥጥር የሚለቀቅ ነው፤ ለጓሮ የሚሆን አይደለም።

ደረጃ 7፦ ቆጥሮ መወሰን

ከጓሮው የተለያየ ቦታ 10 ጎመን ምረጡ። ከእያንዳንዱ 3 ቅጠል ገልብጡ። ሁለት ነገር ጻፉ፦ ክሽክሽ ያለበት ተክል ብዛትና እጭ ወይም ያበጠ ክሽክሽ ያለበት ተክል ብዛት። ክሽክሽ ካለባቸው ተክሎች ግማሽ ያህሉ ላይ አዳኝ ወይም ያበጠ ክሽክሽ ካለ 5 ቀን ታገሱ። ከ5 ቀን በኋላ አዳኙ ከጨመረ ተዉት። ክሽክሹ ጨምሮ አዳኙ ካልጨመረ፣ ወይም መሐል ልቡ ተጠቅልሎ ማደግ ካቆመ፣ ግቡበት። ቁጥሩ መነሻ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም፤ ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላው ችግኝ ግን 5 ቀን አይሰጠውም፣ ቶሎ ይደርቃል።

ክሽክሽ በዝቶ ሲገኝ ዩሪያውንም አስቡ። ናይትሮጅን የበዛበት ለምለም ቅጠል ክሽክሹን ያፋፋል፣ አዳኞች የሚያሸንፉት መጠንም አይሆንም።

ደረጃ 8፦ መርጨት ግድ ሲሆን

በቅድሚያ የተጎዳውን ቅጠል ቀንጥሱ፤ ከመቀንጠሳችሁ በፊት እጭ ካለ ወደ ሌላ ቅጠል አዛውሩ። ካልበቃ 1 ሊትር ውኃ ከ2 የሻይ ማንኪያ (10 ሚሊ ሊትር) ፈሳሽ ሳሙና ጋር ደባልቁ። የጎመን ክሽክሽ በሰም የተሸፈነ ስለሆነ ውኃ ብቻውን ይንከባለልበታል፤ ሳሙናው ለዚህ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል። በሁለት ቅጠል ላይ ሞክራችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ። ከዚያ ማታ፣ እጭ የሌለበትን መንጋ ብቻ፣ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እርጩ። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ስለሆነ እጩንም አይምርም፣ ከደረቀ በኋላ ግን አዲስ የሚመጣውን አይጎዳም። በቆላ ኒም ያላችሁ 50 ግራም የተወቀጠ የኒም ፍሬ በ1 ሊትር ውኃ አሳድራችሁ አጥልላችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ እሱም በቀጥታ ከተረጨበት እጩን ይጎዳልና በተመሳሳይ ጥንቃቄ።

ላምዳ ሳይሃሎትሪን፣ ማላታይን፣ ዳይሜቶኤት እና የመሳሰሉት የኬሚካል ፀረ ተባዮች ግን አዳኙንም ተባዩንም አብረው ይገድላሉ። ከዚያ የሚሆነው ወደ ላይኛው ሒሳብ ይመልሰናል፦ ያመለጡት ጥቂት ክሽክሾች በ10 ቀን መውለድ ይጀምራሉ፣ አዳኙ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ከርጭት በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ክሽክሹ ከበፊቱ ብሶ የሚታየው መድኃኒቱ ስለደከመ ብቻ አይደለም።

የማይሠሩባቸው ቦታዎች

ቃሪያና በርበሬ ላይ ቫይረስ ካለ አዳኝ አያድንም። ክሽክሽ ቫይረሱን የሚያስተላልፈው ተክሉን ለመቅመስ አፏን ስትሰካ፣ በደቂቃ ውስጥ ነው። እንዲያውም አዳኝ ሲጠጋ ክሽክሾች ራሳቸውን ወደ መሬት ጥለው ወደ ሌላ ተክል ይሄዳሉ፤ በሽታ ባለበት ማሳ ይህ መበተን ጉዳት ነው። ቅጠሉ የተዥጎረጎረና የተኮማተረ ተክል ነቅላችሁ አስወግዱ።

ቲማቲም ሌላ ጣጣ አለው። ግንዱ ላይ ያለው የሚያጣብቅ ፀጉር የጥንዚዛና የሌስዊንግን እጭ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም የእሳት ራት ደግሞ እጩ በቅጠሉ ሁለት ሽፋን መሐል ስለሚኖር አዳኝ በቀላሉ አያገኘውም። እንቁላሉን የሚበላ ኔሲዲዮኮሪስ የሚባል ቀጭን አረንጓዴ ነፍሳት አለ፤ በሌሎች አገሮች ለዚሁ ያራቡታል። እሱም ቢሆን ምግብ ሲያጣ የቲማቲሙን ለጋ ግንድ እየወጋ ቡናማ ቀለበት ያወጣበታል፣ አበባም ያረግፋል። በቲማቲም ላይ ለቱታ የተበላውን ቅጠል በየ3 ቀኑ ለቅሞ መቅበር ከአዳኝ ይልቅ ያዋጣል።

ማንቲስ፣ ያ እጁን አጥፎ የሚጠብቀው፣ ሰው ይወደዋል። የሚያገኘውን ሁሉ ይበላል፦ ትል፣ ንብ፣ ያችን የክሽክሽ በሊ ዝንብ እናት፣ የገዛ ወንድሙን። ቀፎ ያላችሁ ከቀፎው አፍ አካባቢ አንስታችሁ ወደ አጥሩ ውሰዱት። አትግደሉት፣ ነገር ግን አትቁጠሩበት።

ምርትና ማጽዳት

ጎመን ስትቀነጥሱ ያበጡ ክሽክሾችና እጮች አብረው ይመጣሉ። 1 ሊትር ውኃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው አድርጋችሁ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። ሳሙና የተረጨበትን ደግሞ መጀመሪያ በሚወርድ ውኃ እጠቡ።

ጎመኑ አርጅቶ ሲነቀል ግንዱን ወዲያው ኮምፖስት ውስጥ አትቅበሩ። ያበጡ ክሽክሾች የያዙትን ቅጠሎች ከአዲሱ ችግኝ ቢያንስ 10 ሜትር ርቀት ላይ ጥላ ሥር ዘርግታችሁ ለሁለት ሳምንት ተዉአቸው። ሕይወት ያለው ክሽክሽ ቅጠሉ ሲደርቅ ያልቃል፤ ተርቦቹ ጀርባውን ክብ አድርገው በስተው ይወጣሉ። ቀዳዳዎቹን ካያችሁ በኋላ ቅጠሉን ወደ ኮምፖስቱ ክተቱት።